የጋሼ ሺሞት የመጨረሻው ሞት

በእኛ ሰፈር አንድ ገዳይ ይኖራል። ቤቱ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት፣ ከጫማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወርድ ሰው ሁሉ በዚሁ ስሙ ይጠራዋል።

«እንዴት አደርክ ገዳዩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ዛሬስ የማን ተራ ነው?»

«ብነግርህ ቀድመህ ታለቅስብኛለህ።»

የሱቋ ባለቤት ግን በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ስኳሩን እየመዘነች፣ ዓይኗን ከሚዛኑ ሳትነቅል፣ «ስማ፣» ትለዋለች፣ «ያቺን ነርስ አንድ ነገር ብታደርጋት ከዚህ ሱቅ ክብሪት አታገኝም። ሾፌሩን ገደልክ፣ ዝም አልኩህ። እሱስ ጠጪ ነበር። ነርሷን ግን እንዳትነካት!»

«እኔ ምን ላድርግ እትዬ፣ የታዘዝኩትን ነው።»

«ገዳይ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሰውየው ዝንብ እንኳ እሽ ብሎ አያውቅም። ሥራው ድርሰት ነው። በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ለሚታይ ተከታታይ ድራማ ከሚጽፉት ሰዎች አንዱ ነው። ጸሐፊዎቹ ሥራውን እንደየዝንባሌያቸው ተከፋፍለውታል። ፍቅሩን የሚጽፈው ሚስት ያላገባው ነው። ጠቡንና ሐሜቱን የምትጽፈው ደግሞ ከሁሉም ዝምተኛዋ። ሞት ሲመጣ ሁሉም ወረቀቱን ወደ እሱ ይገፉታል።

ይህ ዕጣ የወጣለት በአንድ ዳቦ ጋጋሪ ምክንያት ነው። ድራማው ገና ሲጀመር አንድ ዳቦ ጋጋሪ መሞት ነበረበት፤ ትንሽ ሚና ስለነበረ ማንም ትኩረት አልሰጠውም። እሱ ጻፈው። ጋጋሪው ሊጡን አቡክቶ፣ በጨርቅ ሸፍኖ፣ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ፤ ሌላ ምንም የለም። ቀጥሎ የሚታየው ሊጡ ነው፤ ኩፍ ብሎ ጨርቁን ገፍቶ፣ በገንዳው ጠርዝ እየፈሰሰ መሬት ሲነካ። በማግስቱ በአውቶቡስም በሱቅም የሚወራው ስለዚያ ሊጥ ሆነ። ዳቦ ጋጋሪው ስሙ ማን እንደነበረ ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ሊጡን ግን ያልረሱ አሉ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ይኸው ሆነ። አንድን ሰው ከመግደሉ በፊት ያ ሰው ምን ነገር ሳይጨርስ እንደሚሄድ ይፈልጋል። «ሟቹ ሄደ፤» ይላል፣ «እኔ የምጽፈው የሚጠብቀውን ነገር ነው።»

ሌላም አሠራር አለው፤ ይህኛው ከሚስቱ ጋር የተያያዘ ነው። ሚስቱ ልብስ ተኳሽ ናት። ልብስ ሰፊዎቹ ሰፍተው የጨረሱትን ኮትና ሱሪ ወደ እሷ ይልካሉ፤ ተኩሳ፣ አጥፋ ትመልሳለች። የሰፈሩ ቀልደኞች «በዚያ ቤት ባል ይገድላል፣ ሚስት ትተኩሳለች» የሚሉት ለዚህ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ አጠገብ የእሱ ጠረጴዛ፣ ከበሩ ጀርባ የእሷ መተኮሻ። አንድ ሞት ጽፎ ሲጨርስ ወንበሩን ወደ እሷ ያዞርና ጮክ ብሎ ያነብላታል። አስተያየቷን አይጠይቃትም። አንድ ጊዜ ጠይቋት «ጥሩ ነው» ስላለችው ዳግመኛ አልሞከረም። እሱ የሚያየው ካውያውን ነው። ካውያው ወዲያና ወዲህ ማለቱን ካልተወ ወረቀቱን አጣጥፎ ይጥለዋል። ዘገም ካለ እንደገና ይጽፈዋል። ሚስቱ ካውያውን ቀጥ አድርጋ ካቆመችው ግን ትዕይንቱ አለፈ። «ካውያ ይሉኝታ አያውቅም» ይላል።

ጋሼ ሺሞት ወደዚህ ክፍል የመጡት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ደረጃውን በግድ ወጥተው፣ ጉልበታቸውን እያሹ በሩ ላይ ቆሙ።

ጋሼ ሺሞት በድራማው ውስጥ የአንድ ግቢ ዘበኛ ሆነው የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። የዕለት እንጀራቸው ግን ፀጉር ማስተካከል ነው፤ ከገበያው ጀርባ ጠባብ ፀጉር ቤት አለቻቸው። ስሙን ያወጡላቸው የሙያ ጓደኞቻቸው ናቸው፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በመድረክም በፊልምም የሚደርሳቸው የሚሞት ሰው ስለነበረ። ተመርዘዋል፣ ሰምጠዋል፣ ከገደል ወድቀዋል፣ ከፈረስም ወድቀዋል። ሲሞቱ ደግሞ አይሰስቱም፤ ያጓራሉ፣ ደረታቸውን ይጨብጣሉ፣ ዓይናቸውን ያንከባልላሉ፣ ሞቱ ሲባል አንድ እግራቸውን እንደገና ያነሳሉ። አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ሞተው ሳለ ተመልካቹ ቢያጨበጭብላቸው ተነስተው እጅ ነስተው ተመልሰው ሞቱ ይባላል። እሳቸው ግን «ሐሰት ነው» ይላሉ። «እንደተኛሁ ነው እጅ የነሳሁት።»

«ቤቶች!»

«ይግቡ ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«ልትገድለኝ ነው አሉ።»

ሚስትየው ካውያዋን እንደያዘች ሳቀች። ገዳዩ ወንበር እያቀረበ፣ «ማን ነገረዎት?» አላቸው።

«ማን ይነግረኛል! ራሴ ነኝ የጠየቅኩት። ይሄ ጉልበት ከእንግዲህ አይቆምልኝም። ልጄም ‹አባዬ በቃህ፣ እኔ ጋ ና› ብላኛለች። እሷ ካለችበት ከተማ ደግሞ እዚህ እየተመላለሱ መሥራት አይሆንም። ዳይሬክተሩን አሰናብተኝ ብለው ‹ዘበኛው እንዲሁ ጠፋ ከምንል ይሙት› አለኝ። ደስ አለኝ።»

«ደስ አለዎት?»

«አንተ ልጅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሞትኩ። አንዱንም ሞቴን የሚያስታውስ ሰው የለም። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ‹ያ ሰውዬ አይደሉ? ያ... ያ እንኳ...› እያለ ጣቱን ያንጣጣል። እኔም ቆሜ እጠብቀዋለሁ። አይመጣለትም። ‹ብቻ አውቅዎታለሁ› ብሎኝ ይሄዳል።» ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «አሁን የመጨረሻዬ ነው። ፀጉር ቤቱንም ስሄድ ለባልደረባዬ እለቅለታለሁ። ከዚህ ሌላ ከማንም የምለምነው የለኝም፤ አንድ የማይረሳ ሞት ስጠኝ።»

ገዳዩ ለማንም እንዲህ ያለ ቃል ገብቶ አያውቅም። ሰው ምን እንደሚያስታውስ ማን ያውቃል? ግን አዛውንቱ ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው ያዩታል።

«እሰጥዎታለሁ» አለ።

«ቃል?»

«ቃል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጋሼ ሺሞት ወዲያው ዕድሜያቸው የቀነሰ መሰለ። «እንግዲያው ንግግር ይኑረው፣» አሉ፣ «ረዘም ያለ። ሳልም እንዳትረሳ። ሳል እችልበታለሁ።» እንደሚችሉበት ለማሳየትም ጎንበስ ብለው አንድ ጊዜ ሳሉ። ሳሉ ከሆዳቸው ተነስቶ በደረታቸው አልፎ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ከታች ጫማ ጠጋኙ መዶሻውን አቁሞ፣ «እናንተ! ደህና ናችሁ?» ሲል ተሰማ።

«ሰማህ?» አሉ ጋሼ ሺሞት በኩራት።

ገዳዩ በማግስቱ ሥራ ጀመረ። ዘበኛውን አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ በግቢው የተከራየችውን ነርስ አጠገቡ አስቀምጦ ገደለው፤ ካውያው ኮት ላይ ወጣና ወረደ። በር ላይ በሌቦች አስወግቶ ገደለው፤ ካውያው ወደ እጅጌው ተሻገረ። የጠየቁትን ንግግርም ሰጥቶ ሞከረ፤ ዘበኛው የግቢውን ተከራዮች አንድ በአንድ እየጠራ ይመክራል፣ ይባርካል፣ ይስላል፣ ደግሞ ይመክራል። ሚስቱ ሱሪውን ጨርሳ ሌላ አነሳች። ሳይጠይቃትም፣ «እኚህ ሰውዬ ሲሞቱ ይሄን ሁሉ ያወራሉ?» አለችው። «እኔ ብሆን ውሃ ስጡኝ ነበር የምለው።»

«አንቺ ልብስሽን ተኩሺ።»

«እየተኮስኩ ነው እኮ። ችግርህ እሱ አይደል?»

ችግሩ ምን እንደሆነ ገብቶታል። የጻፋቸው ሞቶች ሁሉ ጋሼ ሺሞት ከዚህ በፊት የሞቷቸው ሞቶች ነበሩ። ዘበኛው ራሱ ምን እንዳለው ግን አላወቀም። በርጩማ አለው፣ የእጅ ባትሪ አለው፣ ይኸው ነው። እሱ ሲሄድ ምን ይጠብቀዋል?

የቀረጻው ቀን እየቀረበ ሲመጣ ፀጉሩን ሊስተካከል ሄደ። ፀጉሩ አላደገም ነበር።

የጋሼ ሺሞት ፀጉር ቤት አንድ የሚሽከረከር ወንበርና አንድ አግዳሚ ብቻ የምትይዝ ናት። የወንበሩ ቆዳ በፕላስተር ተለጣጥፏል። ገዳዩ አግዳሚው ላይ ወረፋ ከሚጠብቁት ጋር ተቀመጠ። ጋሼ ሺሞት ስለ መጪው ሞታቸው ለደንበኞቻቸው እያወሩ ነበር፤ «የራሴ ሰው ነው የሚጽፍልኝ፣ እዚያ የተቀመጠው፣ እዩት» እያሉ። የፀጉር መቁረጫው ቶንዶዝ ይንጫረራል፣ ሰዉ ይስቃል፣ ፀጉር ይረግፋል። ደንበኛው ሲነሳ ፎጣውን አራገፉ፤ ከዚያ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ ወንበሩንም ሳያዩ፣ በመዳፋቸው መቀመጫውን ጠረግ አደረጉና «ግባ» አሉ። የሚቀጥለውም ሲነሳ እንደዚያው። ይህ የፀጉር ቤት ወግ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም።

ነገር ግን ቆይተው አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ገቡ። ጋሼ ሺሞት ለጥቂት ጊዜ አረፍ ካሉበት አግዳሚ ተነስተው፣ የተቀመጡበትን ቦታ በመዳፋቸው ጠርገው ለቀቁላቸው። ሰው አልቆ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩም በሩ ላይ ባለችው ትንሽ በርጩማ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ፀሐይ አስመቱ። ሊዘጉ ሲነሱ በርጩማዋን ጠረጓት። የሚቀመጥባት ሰው አልነበረም። መንገዱም ላይ ማንም አልነበረም።

ገዳዩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቢጠይቃቸው ኖሮ መዳፋቸው ከዚያች ቀን ጀምሮ ትወና ይጀምር ነበር። ፀጉሩ እንደ በግ ተሸልቶ፣ በፍጥነት ወደ ቤቱ ሄደ።

የጻፈው ከአንድ ገጽ ያነሰ ነው። ዘበኛው በር ላይ ተቀምጧል። ማታ ነርሷ ከሥራ ስትገባ እንደ ሁልጊዜው አንድ ዳቦ ትሰጠዋለች፤ «ነገ ጠዋት ደግሞ ይጠብቁኝ፣ እዚህ ቁጭ ብለን እናወራለን» ትለዋለች። ትገባለች። ዘበኛው ዳቦውን ይበላል። በሩን ይዘጋል። ከበርጩማው ይነሳል፣ መቀመጫውን በመዳፉ ይጠርጋል፣ ወደ ክፍሉ ይሄዳል። በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ሁለት ዳቦ ይዛ ከቤቷ ወደ በሩ ትመጣለች። በሩ አልተከፈተም። በርጩማው አለ፤ ንጹሕ ነው። አትቀመጥበትም።

ሚስቱ በዚያ ሰዓት የምትተኩሰው የሰው ልብስ አልነበረም፤ የእሱን ክት ሸሚዝ ነበር፣ ያንን ውሃ ሰማያዊውን። እሱ እያነበበ ዘበኛው ከበርጩማው ሲነሳ ካውያው ቆመ። ግን አልተነሳም። ሸሚዙ ላይ እንዳለ ቆመ። ነርሷ በማግስቱ ስትመጣ ክፍሉን የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ሞላው።

«ሸሚዜ!»

«ዝም በል፣ ጨርስ።»

ጨረሰ። ካውያው ሲነሳ ሸሚዙ ደረት ላይ ጥርት ያለ፣ ሹል አፍ ያለው ቡናማ ካውያ ተስሎ ቀርቷል። ስትተኩስ በኖረችበት ዘመን ሁሉ አንድ ክር አቃጥላ አታውቅም።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ጥሩ ሰው ነው፤ ድክመቱ ዝናብ መውደዱ ብቻ ነው። «ዝናብስ?» አለ።

«ዝናብ የለውም።»

«ውሃ የሚረጨውን መኪና እኮ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ።»

«በሚቀጥለው ክፍል ላለው ሠርግ አድርገው።»

ዳይሬክተሩ አሰበ። «ሠርግ ላይ ዝናብ...» አለ፤ ፊቱም ፈካ።

ጋሼ ሺሞት ግን በዳይሬክተሩ ቢሮ ወረቀቱ ሲደርሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው። ከጠረጴዛው ሥር የወደቀ ሌላ ወረቀት እንዳለም ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ሞቴ የት አለ?»

«እሱ ነው ጋሼ።»

«የቱ? ይሄ ላይ ተነሳ ይላል፣ በርጩማውን ጠረገ ይላል፣ ሄደ ይላል። ሽንት ቤት ነው የሄድኩት?»

«ጋሼ—»

«ንግግሬስ? ሳሌስ? ሌሎቹ ሲገድሉኝ ቢያንስ አስከሬን እሆን ነበር! አንተ አስከሬኔን እንኳ ነፈግከኝ!» ድምፃቸው ተሰበረ። ትወና እንዳልሆነ የታወቀው ዝቅ ስላለ ነው። «አምኜህ ነበር እኮ። ለደንበኛው ሁሉ አወራሁ። አልሞትም። በዚህ መንገድ አልሞትም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ ከወንበራቸው ተነስተው፣ በንዴት መሃል እንኳ መቀመጫውን በመዳፋቸው ጠርገው ወጡ።

ዳይሬክተሩ በሩን እያየ ራሱን ነቀነቀ። «ካልመጡ አንድ ተከራይ ስልክ ያነሳና ‹ዘበኛው አገር ቤት ሞተ› ይላል። ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ቀረጻው ከነገ ወዲያ ነው።»

በስልክ! ዕድሜ ልካቸውን የሞቱ ሰው፣ መጨረሻቸው በስልክ ሊሆን ነው። ገዳዩ ቤቱ ገብቶ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ። አልጋና ሳል ያለውን አሮጌውን ወረቀት ቢሰጣቸው ደስ እያላቸው ይሞታሉ፤ በሳምንቱ ይረሳሉ። ይህንን ካልተቀበሉ ደግሞ ጭራሽ አይሞቱም። ሚስቱ ነገሩን ሰምታ ካውያዋን አጠፋች።

«ሸሚዙን ውሰድላቸው» አለችው።

«የትኛውን ሸሚዝ?»

«ስንት የተቃጠለ ሸሚዝ አለህ?»

በማግስቱ ጠዋት ፀጉር ቤቷ ስትከፈት ቀድሞ ደረሰ። ጋሼ ሺሞት አይተው እንዳላዩ ቶንዶዛቸውን በዘይት ይወለውላሉ።

«ገና ሰሞኑን ነው የተስተካከልከው» አሉ።

ሸሚዙን ከፌስታል አውጥቶ በሚሽከረከረው ወንበር ላይ፣ ደረቱን ወደ ላይ አድርጎ ዘረጋው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሞትዎ ነው።»

መነጽራቸውን አደረጉ። የካውያውን ምልክት ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱት። የሚስቱን ሙያ ያውቃሉ፤ የራሳቸውንም የቀረጻ ኮት ተኩሳላቸዋለች። «እሷ ናት?»

«እሷ ናት። ሳነብላት።»

«የቱ ጋ ስትደርስ?»

«እርስዎ ከበርጩማው ሲነሱ።»

ወደ ምልክቱ ጎንበስ አሉ። ቆይተው፣ «ምን አየች?» ብለው ጠየቁ።

ገዳዩ ሸሚዙን አነሳ። «ትናንት ከቢሮው ሲወጡ፣» አለ፣ «ተናደው ነበር አይደል?»

«ልገድልህ ምንም አልቀረኝም።»

«የተነሱበትን ወንበር ግን ጠርገው ነው የወጡት።»

«ውሸት!»

«ዳይሬክተሩን ይጠይቁ። ያችንም በርጩማ ባለፈው ሲዘጉ ጠርገው ነው የሄዱት። ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ማንም አልነበረም።»

ጋሼ ሺሞት መዳፋቸውን ገልብጠው የሰው እጅ እንደሚያይ ሰው አዩት። «ይሄ እኮ...» አሉ፣ «ይሄ እኮ ምንም አይደለም። አባቴ ፀጉር ማስተካከል ሲያስተምረኝ፣ ‹የሚመጣው ሰው የሄደው ሰው ፀጉር ላይ አይቀመጥ› ይለኝ ነበር። በየቀኑ የማደርገው ነው።»

«ለዚያ ነው።»

አዛውንቱ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ወዲያው አንድ ደንበኛ በሩን ገፋ አድርጎ «ክፍት ነው?» ሲል፣ «ቆይ፣ እየሞትኩ ነው» አሉት። ሰውየው በሩን መልሶ ዘጋው።

«አንዲት ሳል ብቻ» አሉ ጋሼ ሺሞት።

«አይሆንም።»

«አጭር ሳል።»

«ጋሼ፣ አንዴ ከሳሉ ሰዉ ሁሉ ሊሞቱ መሆኑን ያውቃል።»

«ግማሽ ሳልስ? ጉሮሮዬን እንደመጥረግ?»

«ከጉሮሮዎ ይልቅ በርጩማውን ይጥረጉልኝ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጋሼ ሺሞት ግን ሞኝ አይደሉም። በመጨረሻ ሳቁ። «ሚስትህ ሌላ ሸሚዝ ታቃጥል እንደሆነ አየዋለሁ» አሉ።

በቀረጻው ቀን ገዳዩ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ ጥፍሩን ይበላ ነበር። ሰውየው መዳፋቸውን አሁን ያውቁታል፤ ያወቁትን ነገር ደግሞ ማስዋብ ይወዳሉ። መጀመሪያ ሲሞክሩት እንደፈራው ሆነ፤ በርጩማውን ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው በሁለት እጅ አሹት። ዳይሬክተሩ «ጋሼ፣ አቧራ ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም» አላቸው። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

እንደገና ተቀመጡ። ነርሷ ዳቦውን ሰጠቻቸው፣ ስለ ነገ ነገረቻቸው፣ ገባች። ዳቦውን በሉ። ተነሱ። ጉልበታቸው የእውነት አሳመማቸውና በግድግዳው ተደገፉ። በርጩማውን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉ፤ ሳያዩት፣ ስለ ሌላ ነገር እያሰቡ። አንድ እርምጃ ሄዱ። እዚህ ላይ ወረቀቱ አብቅቷል። እሳቸው ግን ቆሙ፤ ዞር ብለው ወደ ሰማይ፣ ቀጥሎ ወደ ግድግዳው አዩ። ተመልሰውም በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ትንሽ አራቁት። ከዚያ ሄዱ።

ዳይሬክተሩ ግራ ገባው። «በርጩማውን ለምን አንቀሳቀሱት?»

«ጠዋት ልጅቷ ስትመጣ ፀሐይ ያገኛታል፤» አሉ ጋሼ ሺሞት፣ «እዚያ ጋ ግን ጥላ ነው።»

ገዳዩ ይህንን አልጻፈውም። አስቦትም አያውቅም። የጠዋቱ ትዕይንት ሲቀረጽም በርጩማው በግድግዳው ጥላ ውስጥ፣ ፀሐዩ ደግሞ ከአጠገቡ አንድ ክንድ ርቆ ነበር፤ ነርሷን የሆነችው ልጅ ሁለቱን ዳቦ ይዛ አየችው። እንድታለቅስ አልተጻፈላትም። አለቀሰች።

ክፍሉ በቴሌቪዥን በታየ ማግስት ገዳዩ ዳቦ ሊገዛ ሲወርድ «የማን ተራ ነው?» ያለው አልነበረም። የሱቋ ባለቤት ስኳሩን መዘነችለት። ብድግ ስትልም ከኋላዋ ያለውን ሳጥን፣ የምትቀመጥበትን፣ በመዳፏ ጠረግ አደረገችው። ይህን ማድረጓን ያወቀችው ካደረገችው በኋላ ነው። «ሂድ ከዚህ!» አለችው። «ሁለተኛ እንዳላይህ!» ግን ስኳሩን አልነጠቀችውም።

ጋሼ ሺሞት ወደ ልጃቸው የሚሄዱበት ቀን ገዳዩና ሚስቱ ሸኟቸው። ያንን ሸሚዝ በኮቱ ሥር ለብሶታል፤ ሚስቱ እንዲያወልቀው ብትለምነውም እምቢ ብሏል። የአውቶቡሱ ረዳት ሻንጣቸውን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ባለበት ቀረ።

«እርስዎ... ሞተው አልነበረም እንዴ?»

«ነበር» አሉ ጋሼ ሺሞት። «ለትራንስፖርት ነው የተነሳሁት።»

«ሰዎች! ዘበኛው! በርጩማው!» እያለ ረዳቱ ወደ አውቶቡሱ ውስጥ ጮኸ።

ጣት ያንጣጣ የለም። «ያ... ያ እንኳ...» ያለ የለም። በመስኮት በኩል የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ተነሳች፤ ሽማግሌውን አየት አድርጋ፣ የተነሳችበትን መቀመጫ በመዳፏ ጠረገችና «ይሄው አባቴ፣ እዚህ ይሻልዎታል፣ በዚህ በኩል ጥላ ነው» አለቻቸው። ጋሼ ሺሞት ቆባቸውን አወለቁ። ለጥቂት ጊዜ መቀመጥ አቃታቸው። በኋላ ተቀመጡ።

ገዳዩ ከውጭ በመስታወቱ ያያቸው ነበር። መስኮቱን ከፈት አድርገው ጠሩት።

«አንተ ልጅ!»

«አቤት ጋሼ!»

«ሳሉ አያስፈልግም ነበር!»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ጋሼ ሺሞት በመስኮቱ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ከዚያ ድንገት እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ደረታቸውን ጨበጡ። ጎንበስ ብለው ያንን ከሆድ የሚነሳ ሳላቸውን ለቀቁት፤ አጓሩ፣ ዓይናቸውን አንከባለሉ፣ ራሳቸውን በመስታወቱ ላይ ጥለው ምላሳቸውን አወጡ። መቀመጫዋን የለቀቀችላቸው ሴትዮ ጩኸቷን አቀለጠችው። ረዳቱ ሾፌሩ እንዲያቆም የአውቶቡሱን በር ይደበድብ ጀመር። የገዳዩ ሚስት ክንዱን ጨብጣ፣ «ውይ! ምን ሆኑ?» አለች።

«ዝም በይ፣» አላት እሱ እየሳቀ፣ «ይጨርሱ።»

አውቶቡሱ ከጣቢያው ሲወጣ ተሳፋሪው ነገሩ ገብቶት ማጨብጨብ ጀመረ። ሟቹም አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ፤ ቀና አሉና፣ ቆባቸውን በልባቸው ላይ አድርገው፣ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ለመስታወቱ እጅ ነሱ።